አያ ደሴና በቁና የተከደኑት ሳጥኖች

አያ ደሴ ከዚህ በፊትም ሞተው ያውቃሉ።

አንድ ክረምት ሰሊጥ ሊያዩ ገለጉ ሄደው ዝናቡ መንገዱን ዘጋባቸው። እዚያ ሥራ ፈትተው ሲቀመጡ ምን እንደከነከናቸው እግዜር ይወቅ፣ በእግሩ በሚመጣ ሰው መርዷቸውን ራሳቸው ላኩ። እኛም አመንን። ድንኳን ተተከለ፣ ለቀስተኛ ተሰበሰበ፣ እኔም አነባሁ። መንገዱ ሲከፈት በጭነት መኪና መጡና ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ከለቀስተኛው መሀል ገብተው ተቀመጡ። ማን ምን እንደሚል ሲያዳምጡ ቆዩ። ንፍሮ ሲዞር ግን ረሃቡ አልቻል ብሏቸው እጃቸውን ዘረጉ። ንፍሮ የያዘችው ሴት ከነሰፌዷ ወደቀች።

የንስሐ አባታቸው ብዙ ስግደት አዘዙባቸው። ስግደቱን ሰገዱ፤ አልተማሩበትም። ለዓመታት መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር፣

«ይታይሽ፣ አንቺስ አልቅሰሽልኝ ነበር፤ ምነው ቶሎ ጨረስሽ?» ይሉኝ ነበር።

ስለዚህ ዘንድሮ ልጃቸው ከኮኪት ደውላ «አባዬ አረፉ» ስትለኝ፣ ከአፌ የወጣው «በዓይንሽ አይተሻል?» የሚል ነው። እያለቀሰች ሳቀች።

«አይቻለሁ እትዬ» አለችኝ። «እኔም ደጋግሜ ከነካኋቸው በኋላ ነው ያመንኩት።»

ኮኪት ሄደን ቀበርናቸው። መቃብሩ ላይ አፈር እየተመለሰ እንኳ አንድ ሁለት ሰው ወደ ኋላው ዞር ብሎ ሲያይ አይቻለሁ። አያ ደሴ ከዛፍ ጥላ ሥር ቆመው የሚያዩን መስሎን ይሆናል።

ስለ ሞተ ሰው መልካሙን ብቻ ማንሣት ደግ ነው። የአያ ደሴ መልካምነት ግን ከተንኮላቸው ጋር አብሮ የተገመደ ነው። አንዱን ልምዘዝ ስል ሌላው ይከተለኛል። እንደመጣ ልጻፈው።

ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። አንገታቸው ወደ ግራ ያዘነብላል። ሲያዳምጡ አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ሲዋሹ ሁለቱንም ይከፍታሉ። መተማ ዮሐንስ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ሆኖም ሁሉም እንዳወቀ ይታለል ነበር። ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ፣ ከደጀ ሰላሙ ግን ብዙ አያልፉም። «አያ ደሴ፣ ምነው ወደ ውስጥ ቢገቡ?» ብላቸው፣ «እግዜር እኔን ሲያይ ሳቁ ያመልጠዋል፤ ቄሱ ይቆጡታል» አሉኝ። ተቆጣኋቸው። ቤቴ ገብቼ ሳቅሁ። ከዚያ ይቅር በለኝ አልኩ።

ሥራቸው የሰሊጥ ናሙና ማውጣት ነበር። ነጋዴ ሊገዛ ሲመጣ ከየጆንያው ትንሽ ትንሽ አውጥተው ያሳያሉ። እሳቸው ግን እንደሌላው ሰው ናሙናውን ከነባለቤቱ አያቀርቡም። አንድ ዓይነት ሳህኖች ነበሯቸው። በየሳህኑ ሥር ለአንዱ ቀይ፣ ለአንዱ ነጭ፣ ለአንዱ ጥቁር ክር ያስሩና ሰሊጡን ይሞላሉ። የማን ሰሊጥ በየትኛው ሳህን እንዳለ ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። «የባለቤቱን ፊት እያየህ ሰሊጥ አትምረጥ» ይላሉ። «የቀብራራ ሰው ሰሊጡም የነጣ ይመስላል።»

ተንኮሏ ሌላ ናት። ከሳህኖቹ መሀል ሁለቱን ከአንድ ጆንያ ይሞሏቸዋል። ገዥው ቆንጥሮ፣ አሽቶ፣ ቀምሶ «ይሄኛው ከዚያኛው ይሻላል» ካለ፣ አያ ደሴ ምንም አይሉም። ዋጋ ሲነጋገሩ ግን ያ ሰው ስለ ሰሊጥ የሚለውን ሁሉ እንዳልሰሙ ያልፉታል። «ሁለቱም አንድ ናቸው» ያለውን ደግሞ ሻይ ይጋብዙታል። የጋበዙት ሰው ብዙ አልነበረም።

እኔ የማልረሳቸው በሰሊጡ አይደለም። በባሌ ነው።

ባሌ አድማሱ ዕድሜውን ትራክተር ላይ የጨረሰ ሰው ነው። ከኮኪት እስከ ገለጉ ያላረሰው መሬት ጥቂት ነው። ሞተሩ ጆሮውን ቀስ በቀስ በላው። ጤና ጣቢያ ሄዶ «ከፊሉ ሄዷል፣ ከፊሉ አለ» አሉት። እሱ የያዘው የሄደውን ብቻ ነው። አንድ እሑድ ቅዳሴ ላይ ሕዝቡ የሚመልሰውን ያለቦታው፣ ብቻውን፣ በትልቅ ድምፅ መለሰ። ከኋላ ያሉ ልጆች ሳቁ። ልጆች ናቸው፤ እሱ ግን ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን አልሄደም። ቤትም መልስ መስጠት ተወ። ስጠራው አይዞርም። ደጋግሜ ከጠራሁት «ደንቁሬያለሁ፤ ተዪኝ» ይልና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል።

በአንድ ጣሪያ ሥር እያለን ባሌ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲሄድብኝ አይ ነበር። ከግድግዳው እንዲመልስልኝ እግዜርን ለመንሁ። ሌላ የምለምነው አልነበረኝም።

ቤታችን ውስጥ ከደህናው ጊዜ የተረፈ አንድ ነገር ነበር። አምፕሊፋየርና ሁለት ትልልቅ ስፒከር፣ አድማሱ ወጣት ሳለ ከድንበሩ ማዶ ከገላባት የገዛቸው። በእነሱ መዝሙር ሲሰማ ጣቱን ጉልበቱ ላይ ይመታ ነበር። ካሴት ማጫወቻው ከተበላሸ ቆይቷል። ልጃችን ደግሞ ከጎንደር አዲስ ቴሌቪዥን ልካልን፣ ቅዳሴውንም መዝሙሩንም በፍላሽ ሞልታልን ነበር። የቴሌቪዥኑ የራሱ ድምፅ ግን ከጣሳ ውስጥ እንደሚናገር ሰው ነው፤ ቃል አይለይም። ከትልልቆቹ ስፒከሮች ጋር ላገናኘው ብል መሰኪያው አይገጥምም።

ወደ ሻምበል ሱቅ ሄድኩ። ሻምበል ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሠርቶ የተመለሰ፣ ስልክና የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥ ጎልማሳ ነው። አያ ደሴ እኔ ስገባ አይተው ተከትለው ገቡ። ሰው ሱቅ ሲገባ ካዩ አይቀሩም።

«እትዬ፣ አዲሱ ቴሌቪዥን ድምፁን የሚያወጣው በቁጥር ነው» አለኝ ሻምበል። «የድሮው አምፕሊፋየር ቁጥር አያውቅም። መሀል ላይ አስተርጓሚ ይፈልጋል። ዳክ ይሉታል።»

«ከሱዳን ነጋዴ ጋር እንደሚያገናኙን አስተርጓሚዎች?» አሉ አያ ደሴ።

«እንደዚያው በሉት።»

«እንግዲያው ይዋሻል።»

ሻምበል ሳቀና ሱቁ ውስጥ ከተሰቀለው ቴሌቪዥን ኋላ አንድ ቀጭን ገመድ ሰክቶ ጫፉን አሳየን። ጫፉ ላይ ቀይ ብርሃን ይበራል። ድምፁ በዚያ ብርሃን ውስጥ ነው የሚያልፈው አለን። አያ ደሴ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩት።

«ይታይሽ፣ ነይ እይ። ቃሉ እዚህ ውስጥ እያለፈ ነው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ብርሃን ቃል ተሸክሞ ሲሄድ አይቼ አላውቅም፤ አማተብኩ። ቀና ስል ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየው የሳሙና ማስታወቂያ ነበር። አያ ደሴ ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዙረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

ሻምበል ሦስት ሳጥን አወጣ። አንዱ የክብሪት ሳጥን የሚያካክል ትንሽ ቆርቆሮ ነው፤ ርካሽ። ሁለተኛው ነጭ ፕላስቲክ፣ ብሉቱዝም ያለው፤ መካከለኛ። ሦስተኛው ጥቁር፣ ከባድ፣ እንደ ሰዓት ቁጥር የሚያበራ፣ ትልቅ መዘውር ያለው። ዋጋውን ሲነግረኝ ለጣሪያችን ቆርቆሮ ያስቀመጥኳት ገንዘብ ትዝ አለችኝ። ሁሉንም ትወስዳለች።

«እትዬ፣ ለጆሮ ለደከመ ሰው ይሄ ነው ተማም፣ ልኩ» አለ ጥቁሩን እየዳበሰ። «ኋላ ምነው ትልቁን በወሰድኩ ብለው እንዳይቆጩ። ለጋሽ አድማሱ ሲሉ።»

ለአድማሱ ሲባል ሳልከፍል የምቀር አይደለሁም። እጄ ወደ መቀነቴ ሄደ። አያ ደሴ እጄን ያዙኝ።

«ሻምበል፣ ሦስቱንም ቅዳሜ ከሰዓት ይታይሽ ቤት አምጣቸው። ቁና እኔ አመጣለሁ።»

«ቁና ደግሞ ለምን?»

«ፊታቸውን ልሸፍንበት።»

ቅዳሜ መጡ። አድማሱ እንደልማዱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ተኝቷል። አያ ደሴ ሰላም አሉት፤ አልመለሰም። ቅር አላላቸውም። ሦስቱን ሳጥን ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ፤ ለትንሿ ቀይ፣ ለነጩ ነጭ፣ ለጥቁሩ ጥቁር ክር አሰሩ፤ በትልቁ ቁና ከደኗቸው። ሻምበል የትኛው ገመድ የት እንደሚገባ አሳያቸውና ከጠረጴዛው ርቆ እንዲቀመጥ ታዘዘ።

«በቅዳሴው እንፈትነው» አሉ አያ ደሴ።

«ቅዳሴ መፈተኛ አይደረግም» አልኩ።

ሁለቱንም ዓይናቸውን ከፈቱ። «እኔም ይህንኑ ልል ነበር» አሉ።

በበገና የሚዘመር መዝሙር ከፈትን። ምንም ድምፅ አልወጣም። ሻምበል ላብ ላብ አለው። አያ ደሴ «ዘማሪው ገና መንገድ ላይ ነው፤ ጭነት መኪና ተሳፍሮ ይሆናል» አሉ። ሻምበል ተነሥቶ የቴሌቪዥኑን ማስተካከያ ሲያገላብጥ ቆየና፣ የድምፅ መውጫውን ፒሲኤም በሚለው፣ ሳጥኖቹ በሚያውቁት ቋንቋ ላይ አደረገው። ያን ጊዜ በገናው ቤቱን ሞላው። ከስንት ጊዜ በኋላ ትልልቆቹ ስፒከሮች ሲናገሩ ሰማሁ። አድማሱን አየሁት። አልተንቀሳቀሰም።

አያ ደሴ እጃቸውን በቁናው ሥር ሰደዱ። «ይሄ ቀዩ ነው» አሉ። ትንሽ ሰማን። ድምፁን ዘግተው ጎርጎር አደረጉና «ይሄ ነጩ» አሉ። ሰማን። እንደገና ዘጉ፣ እጃቸውን ሰደዱ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ «አሁን የመጣው ጥቁሩ» ብለው ከፈቱ።

ሻምበል ከመቀመጫው ተነሣ። «ይኸው! አላልኩም? የበገናው ጅማት ሲነካ ለየብቻው ይሰማል እኮ! እትዬ፣ ልዩነቱን ሰሙት?»

እውነቱን ለመናገር እኔም ሰማሁት። ዘማሪው ቀረብ ያለ፣ በገናውም የገዘፈ መሰለኝ። «አዎ፣ ይለያል» አልኩ። የጣሪያዬን ቆርቆሮ በልቤ ተሰናበትኩት።

ያን ጊዜ ከግድግዳው በኩል ድምፅ መጣ።

«ምኑ ነው የተለየው?»

ሁላችንም ዞርን። አድማሱ ነው። ፊቱን አላዞረም።

«ከነጩ ወዲህ ምንም አልተለወጠም» አለ። «ያው ራሱ ነው።»

አያ ደሴ ቁናውን አነሡ። ገመዱ እንዳለ ነጩ ሳጥን ላይ ተሰክቷል። ጥቁሩን አልነኩትም።

«አያ ደሴ!» አለ ሻምበል። «አልቀየሩትም እንዴ?»

«ጉሮሮዬን ጠረግሁ እንጂ ምን ቀየርኩ?»

ሻምበል ፊቱ ቀላ። እኔም ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብ አደረግሁ። አያ ደሴ ግን እኛን አላዩንም። ወደ አልጋው ሄደው ጫፉ ላይ ተቀመጡ።

«አድማሱ፣ ደንቁሬያለሁ ብለህ ይቺን ምስኪን ስታስለቅስ ከርመሃል። ጤነኞቹ ተታለው ደንቆሮው ሰማ። ይሄ ምን ዓይነት ድንቁርና ነው? ለእኔም ይሽጡልኝ።»

አድማሱ ከነብርድ ልብሱ ዞረ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ተንኮለኛ ሽማግሌ! በሰው ቤት ቁና ተሸክሞ የሚመጣ!»

«ስደበኝ፤ ግድ የለም። ከርመህ ተናገርክ።»

«እናገራለሁ! ደግሞስ ከበገናው ኋላ ሞተር አለ። ሁላችሁም አልሰማችሁም?»

አዳመጥን። «ኧረ የለም ጋሼ» አለ ሻምበል።

«አለ እልሃለሁ! ቆሞ የሚያጓራ ሞተር ነው። ዕድሜ ልኬን ቂጤ ሥር የነበረ ድምፅ ይጠፋኛል?» ብሎ ጮኸ። ቤቴ ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል አይነገርም፤ ያን ዕለት ግን አልገሠጽኩትም።

ሻምበል ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ለጠፈ። ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። በእርግጥም ጉርምርምታ አለ። ሳጥኖቹ ኃይል የሚያገኙት ከአንዲት ርካሽ የስልክ ቻርጀር ነበር፤ እሷን ነቅሎ ለመብራት ባለን የሶላር ባትሪ ላይ ሰካቸው። ጉርምርምታው ጠፋ። ሲጠፋ ነው እኔ ራሴ እንደነበረ ያወቅሁት። ከባድ ጆንያ ከትከሻ እንደወረደ ያህል ነው።

አድማሱ ተነሥቶ ተቀመጠ። እግሩን ወደ መሬት አወረደ።

«በሉ አሁን በእውነት ይቀያይሩ» አላቸው።

«በእውነት» አሉ አያ ደሴ፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቁናውን ከደኑ።

ከዚያ በኋላ አድማሱ ብቻ ነበር የሚናገረው። «ይቺ ሰ ስትል ታፏጫለች፤ ትውጣ» አለ። ነጩ ነበር፤ ወጣ። በቀይና በጥቁር አያ ደሴ ደጋግመው አመላለሱት። አንዴም ሳይቀይሩ ቀየርኩ አሉት።

«አሁን ደግሞ አልነኩትም» አላቸው።

«አልነካሁም» አሉ፤ ሻይ ሊጋብዙት እንደሚፈልጉ ፊታቸው ላይ ይታያል።

መጨረሻ ላይ አድማሱ እጁን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። «ሁለቱ ለእኔ አንድ ናቸው። ልዩነት ካላቸው ለሌላ ሰው ጆሮ ይሁን። የቱ ነው የሚረክሰው?»

አያ ደሴ ቁናውን አንሥተው ቀይ ክር የታሰረባትን የክብሪት ሳጥን የምታህለውን በሁለት ጣታቸው አነሡ።

«እትዬ» አለ ሻምበል በደከመ ድምፅ፣ «ትልቁ እኮ ቁጥር ያሳያል።»

«ቁጥር ለማየት ግድግዳዋ ላይ የቀን መቁጠሪያ አላት» አሉ አያ ደሴ። «አንተ ይልቅ ገመዱን መርቅላት።»

ሻምበል ደህና ልጅ ነው። ገመዱን መረቀልኝ። ትንሿንም ሳጥን በትክክለኛ ዋጋዋ ሰጠኝ። ሲወጣም አድማሱን «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ስፒከር ሲመጣልኝ ለእርስዎ ሳላሰማ አልሸጥም» አለው።

ከዚያ ነጠላዬን አጣፍቼ ለበስኩና ቅዳሴውን ከፈትኩት። አያ ደሴ ሊሄዱ ተነሥተው ነበር፤ ጫማቸውን አውልቀው በሩ አጠገብ ቆሙ። ከበሩ አላለፉም፣ አልወጡምም። አድማሱ አልጋውን ተደግፎ ቆመ።

ቄሱ «ሰላም ለኵልክሙ» አሉ። ቃሉ ቤታችን ውስጥ ጥርት ብሎ ገባ።

አድማሱ «ምስለ መንፈስከ» አለ። በቦታው። ከሕዝቡ አልቀደመም፣ አልዘገየም።

ወደ በሩ ዞር ስል አያ ደሴ ሁለቱንም ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል። እንዲህ ሆነው አይቻቸው አላውቅም ነበር። ቁናቸውን አንሥተው ቀስ ብለው ወጡ።

አድማሱ በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። አሁን ከፊት፣ ድምፅ ማጉያው አጠገብ ነው የሚቆመው። ከግድግዳው ተመልሶልኛል፤ ግን ባዶ እጁን አልተመለሰም። ያን ሁሉ ጊዜ ያጠራቀመውን ወሬ ይዞ ነው የመጣው። ዜና ለሚያነበው ሰው ይመልስለታል። ዲያቆኑን ያርመዋል። በጎረቤት የሚያልፍ ባጃጅ ሁሉ ሞተሩ ምን እንደጎደለው ይነግረኛል። ወጥ ሳማስል፣ ልብስ ሳጥብ፣ ልተኛ ስል ይናገራል።

አንድ ቀን ሲበዛብኝ አያ ደሴን ገበያ ላይ አገኘኋቸውና፣ «ባሌን መለሱልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ዝም ግን አይልም» አልኳቸው።

በሁለቱም ዓይናቸው አዩኝ።

«እኔ ምን ላድርግሽ» አሉኝ። «አይተሽ፣ መርምረሽ ነው የተረከብሽው። ከተረከብሽ በኋላ መመለስ የለም።»

እመልሰዋለሁ ብዬም አላውቅ። የአያ ደሴን ነፍስ በጸሎቴ የማነሣው ጧት በማለዳ፣ አድማሱ ሳይነቃ ነው። ከነቃ በኋላ ወሬው ፋታ አይሰጠኝም።